በሬው ከቢላዋው ቀድሞ ቢሞትስ?

እናንተ የቅርጫ ሰዎች! እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በሬ ልትገዙ ገበያ ስትወርዱ ምን ምን ታያላችሁ? ሻኛውን ትዳብሳላችሁ፣ ጥርሱን ታያላችሁ፣ ታፋውን ጫን ጫን ታደርጋላችሁ። ከመካከላችሁ «የበሬ አዋቂ እኔ ነኝ» ባዩ ደግሞ ዙሪያውን ይሽከረከርና «ሆድ ብቻ ነው እንጂ ሥጋስ የለውም» ብሎ ዋጋ ለማስወረድ ይሞክራል። ደላላው ይምላል፣ ይገዘታል። እጅ ይመታል፣ ብር ይቆጠራል፣ በሬው ወደ ሰፈር ይነዳል። እዚህ ድረስ ሁላችንም አንደኛ ነን።

የእኔ ጥያቄ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሌሊቱን አጥር ሥር ታስሮ ያደረው በሬ ሲነጋ ወድቆ ቢገኝስ? ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ እየተንቀጠቀጠ ብትደርሱበትስ? «ቶሎ በሉ፣ ሳይሞት ቢላዋ አምጡ!» ነው የምትሉት? ወይስ «ማንም እንዳይነካው» ነው የምትሉት?

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ብዙዎቻችሁ በልባችሁ «ቢላዋ» ብላችኋል። አልፈርድባችሁም። የአንድ በሬ ዋጋ ዛሬ ቀልድ አይደለም። የስንት ሰው ደሞዝ ነው እዚያ ሜዳ ላይ ተጋድሞ የሚያቃስተው። ግን ያቺ «ቢላዋ አምጡ» የምትባል ቃል ሰው ልትገድል እንደምትችል ሳልነግራችሁ ብቀር ዕዳ ይሆንብኛል።

የአሥራ አንዱ ሰዎች ቅርጫ

ነገሩን ያነሳብኝ አንድ ወጣት ነው። አቃቂ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ይኖራል። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር» ብሎ ቁጭ አለ። ፊቱን ሳየው የፍቅር ጉዳይ መስሎኝ ነበር። የበሬ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ።

አሥራ አንድ ሆነው ለፋሲካ ቅርጫ ይገባሉ። አብዛኞቹ ገና ሥራ የያዙ፣ ያላገቡ ልጆች ናቸው። ገንዘብ ሰብሳቢው እሱ ነው፤ «ታማኝ ነህ» ተብሎ። ገበያ ሲወርዱ ዋጋው እሳት ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ሊመለሱ ሲሉ አንድ ደላላ ጠጋ ይልና «ለእናንተ የሚሆን አለኝ» ይላቸዋል። በሬው ትልቅ ነው፣ ዋጋው ግን ከሌላው ወረድ ያለ ነው። ትንሽ ደከም ብሏል፤ «መንገድ ነው ያደከመው» ተባለ። በደስታ ገዙ። እንዲያውም የተረፈችውን ብር ለቢራ መደቧት።

በማግሥቱ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አራጁ ሲመጣ በሬው ወድቋል። አራጁ አየት አደረገና «ነፍስ አለው እኮ! ደሙ ከፈሰሰ ሥጋ ነው» አለ። የደላላው ስልክ ተዘግቷል። ልጆቹ ልብሳቸውን ሰብስበው ሊይዙ ተዘጋጁ። በዚህ ጊዜ ያ ገንዘብ ሰብሳቢ ልጅ «ቆይ!» አለ። ገጠር ያሉት አያቱ «በድንገት የወደቀ ከብት ውሻም አይቅመሰው» ሲሉ ልጅ ሆኖ ሰምቷል። ምክንያቱን አያውቀውም፤ ቃሉን ብቻ ነው የያዘው።

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ። «ፈሪ!» አሉት። «የገጠር ተረት ታወራለህ እንዴ?» አሉት። አንዱ ደግሞ ዋናዋን አወጣት፤ «እሺ፣ ብሩን አንተ ትከፍላለህ?» እነሱ ሲጨቃጨቁ በሬው ሞተ። ከአፍንጫውም የጠቆረ ደም ወጣ። ልጁ ማንም እንዳይጠጋ አድርጎ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም በስልክ አፈላልጎ አገኘ። ሐኪሙ መጡ፣ ጓንት አጠለቁ፣ ከጆሮው ጫፍ ጠብታ ደም ለምርመራ ወሰዱና «ይሄ በሬ አይታረድም፣ አይገፈፍም፣ አይከፈትም» አሉ። በእሳቸው ተቆጣጣሪነት ተቃጠለ። አሥራ አንዱም ሰዎች በዓሉን በዶሮና በሽሮ ዋሉ።

አሁን የልጁ ጥያቄ ምን መሰላችሁ? «ጋሼ፣ አሥሩም ጓደኞቼ ሰላም አይሉኝም። ‹የምርመራው ውጤት ነፃ ነው ከተባለ ገንዘባችንን ትከፍላለህ› ብለውኛል። ጥፋተኛ ነኝ እንዴ?»

መልሴን እነሆ። አይደለህም። ውጤቱ በሽታ ነው ቢልም አይደለህም፣ አይደለም ቢልም አይደለህም! ምክንያቱም ውጤቱ የሚመጣው በኋላ ነው፤ ውሳኔው ግን የሚወሰነው ቢላዋው በተነሳባት ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ ፊትህ የነበረው ዳር ላይ ያለ ቁማር ነው። ከቆረጣችሁ የምታተርፉት ሥጋ ነው፤ ካልቀናችሁ የምታጡት ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ቁማር እምቢ ያለ ሰው ሊመሰገን እንጂ ዕዳ ሊጻፍበት አይገባም።

አባሰንጋ ማን ናቸው?

ሐኪሙ የጠረጠሩት በሽታ አባሰንጋ ነው። ፈረንጆቹ አንትራክስ ይሉታል፤ ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትርጉሙ ከሰል ማለት ነው። ለምን ከሰል እንደተባለ ወደ ኋላ ትደርሱበታላችሁ። የእኛ ስም ግን ለሰማው የደብር አስተዳዳሪ ነው የሚመስለው። የአቃቂ ሰው «አባ» ሲባል የሚያውቀው የአቃቂ ወንዝ የሚገባበትን የአባ ሳሙኤልን ግድብ ነው። ያኛው አባ መብራት ያበሩ ነበር፤ ይሄኛው አባ ግን ያጠፋሉ።

በሽታውን የሚያመጣው ባሲለስ አንትራሲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። የዚህ ተባይ ተንኮሉ ምን መሰላችሁ? በከብቱ ደም ውስጥ እያለ ይባዛል እንጂ ያን ያህል ጠንካራ አይደለም። ከብቱ ሞቶ ሳይከፈት ቢቀር ውስጡ ያለው ባክቴሪያ አብዛኛው ከብስባሹ ጋር በቀናት ውስጥ ያልቃል። ደሙ ወጥቶ አየር ሲያገኘው ግን ጠባዩን ይለውጣል። እንደ ጤፍ ፍሬ ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል። ሊቃውንቱ ስፖር ይሉታል። ስፖር ከሆነ በኋላ ፀሐይ አይገድለውም፣ ብርድ አይገድለውም፣ ድርቅ አይገድለውም። አፈር ውስጥ አሥርና ሃያ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ተኝቶ ይጠብቃል። አንድ ቀን ሌላ ከብት በዚያ ሲግጥ ከሣሩ ጋር ይውጠዋል። እንግዲህ ጨዋታው እንደገና ይጀመራል።

አያችሁ አይደል? የሞተውን በሬ መክፈት ማለት የታሰረውን እስረኛ በር ከፍቶ መልቀቅ ማለት ነው። ለዚህ ነው ሐኪሙ ሆዱን ቀደው ሳያዩ ከጆሮው ጠብታ ደም ብቻ የወሰዱት።

«አሥርና ሃያ ዓመት ይኖራል» ስል የተጋነነ ከመሰላችሁ ይህን ስሙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ እንግሊዞች ስኮትላንድ ጠረፍ ባለችው ግሩናርድ በምትባል ደሴት ላይ ይህንኑ ተባይ እንደ ጦር መሣሪያ በበጎች ላይ ሞከሩት። በጎቹ አለቁ። ደሴቲቱ ግን ለአሥርት ዓመታት ሰው እንዳይረግጣት ተከለከለች። እ.ኤ.አ. በ1986 ፎርማልዲሃይድ የተባለ ኬሚካል በባሕር ውሃ በጥብጠው አፈሯን አጠቡት፤ «አሁን ነፃ ናት» የተባለችው በ1990 ነው። በሩስያ ሰሜን ያማል በሚባለው በረዷማ ምድር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በጋው ያልተለመደ ሙቀት ሆነና በረዶው ቀለጠ። ድሮ በአባሰንጋ ሞቶ በበረዶ የተቀበረ አጋዘን ሬሳ እንደተገለጠ ይታመናል። ከ2,000 በላይ አጋዘኖች አለቁ፤ አንድ የ12 ዓመት ልጅም ሞተ።

የእኛም አገር ከዚህ አልዳነችም። በደቡብ ኦሞ በሚገኘው በማጎ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1999 የተነሳው አባሰንጋ የዱር እንስሳቱን ፈጅቷቸዋል፤ ክፉኛ የተጎዱት አምባራይሌዎች ናቸው። በአማራ ክልል ዋግ ኽምራም ከብትና ፍየል ብቻ ሳይሆን ሰውም በተደጋጋሚ ታሞበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የአገራችን የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች ቅድሚያ የሚሰጣቸውን አምስት ሲመርጡ አባሰንጋ ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር ከአምስቱ አንዱ ሆኗል።

«የገጠር በሽታ ነው» ለምትሉ አራዶች

«ጋሼ፣ እኛ የከተማ ልጆች ነን፤ ከብት የምናውቀው በሳህን ነው» የምትሉ አትጠፉም። እሺ፣ በሳህን። ሳህኑ ላይ ከመድረሱ በፊት የት ነበር?

አቃቂ ቃሊቲን የሚያውቅ ሰው ይሄ ጥያቄ አይጠፋውም። በአንድ በኩል ፋብሪካ፣ ጋራዥና ኮንዶሚኒየም ነው። በሌላ በኩል ወንዙ ዳር ላም ትግጣለች፣ ጋሪ ይጎተታል፣ ከዚያ አለፍ ሲል እርሻ ነው። የደቡብና የምሥራቅ መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው በዚህ በር ነው። ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከቦረና የተጫነ ከብት በዚሁ ያልፋል፤ እዚያው አቃቂ ገበያም ይራገፋል። ባለፈው ሳምንት በየትኛው መስክ ላይ እንደጋጠ በግንባሩ ላይ አልተጻፈም። በሽታው ከገባበት በኋላ ጥቂት ቀናት ምንም ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ገበያ ላይ ቆሞ የሚያገሳ በሬ ከሁለት ቀን በኋላ አጥራችሁ ሥር ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው።

ዕድሜያቸውን በከብት ንግድ የጨረሱ አንድ አዛውንት አቃቂ አግኝቼ ነበር። «አባባ፣ የታመመ በሬ በምን ይታወቃል?» አልኳቸው። ፈገግ አሉና «ልጄ፣ ዋጋው ይነግርሃል» አሉኝ። «ደህና በሬ ለዋዜማ አይረክስም። አላመነዥክም ያለ፣ ጆሮውን የጣለ፣ ከመንጋው የተለየ በሬ ካየህ ‹መንገድ ነው› ሲሉህ አትመን። መንገድ ያደከመው ውሃ ጠጥቶ፣ ድርቆሽ በልቶ ሲያድር ይነቃል።»

ሐኪሞቹ በዚህ ላይ የሚጨምሩት አለ። አባሰንጋ የያዘው ከብት ኃይለኛ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ መንገዳገድ ሊያሳይ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ምንም ሳያሳይ ማታ ደህና የነበረው ጠዋት ሬሳ ሆኖ ይገኛል። ከሞተ በኋላ ከአፍ፣ ከአፍንጫና ከፊንጢጣ ጥቁር ያለ የማይረጋ ደም ይወጣል። ሆዱ ቶሎ ይነፋል። ገላው እንደ ሌላው ሬሳ አይገትርም። እነዚህ ምልክቶች ሁሉ ላይታዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ «ደም አልወጣውም፣ እንብላው» አይሠራም። በድንገት መሞቱ ብቻ በቂ ነው።

ሚጥሚጣና አረቄ ምን ያደርጉታል?

ምንም! ቁርጡን በሚጥሚጣ አጥቅሳችሁ፣ አዋዜ ቀብታችሁ፣ ከላይ አረቄ ብታወርዱበት አባሰንጋ አይሞትም። አረቄው የሚያቃጥለው የእናንተን ጉሮሮ ነው። ቋንጣ አድርጋችሁ ብትሰቅሉት ስፖሩ አብሮ ይደርቃል እንጂ አይጠፋም። ፍሪጅ ብትከቱት ይተኛል። «እሺ፣ ጥብስ አድርገን እንበላዋለን» ብትሉም ለስፖር የወጥ ቤት እሳት አስተማማኝ አይደለም። በዚያ ላይ ድስት ውስጥ እስኪገባ ድረስ ስንት እጅ ነክቶታል?

ይቺን «ስንት እጅ» የምትባለውን ነገር ልብ በሉልኝ። በቅርጫ ጊዜ ወንዶቹ መደብ ሲያደላድሉና ዕጣ ሲጣጣሉ ጨጓራና አንጀቱ ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ሴቶቹ። እህቶቻችን በባዶ እጃቸው ያንን ሲያጥቡ፣ ለዱለቱ ሲከትፉ ይውላሉ። ጣት ላይ ትንሽ ጭረት ካለች በሽታው የሚገባባት በር ተከፈተ ማለት ነው። «እኔ አልበላሁም እኮ» ማለት አያድንም። አራጁ፣ ገፋፊው፣ አጣቢዋ፣ ቆዳውን የሚሸከመው ሰው ሁሉ ከበላው እኩል፣ አንዳንዴም ቀድመው ይታመማሉ።

በነገራችን ላይ ቆዳውም አለ። ድሮ በበዓል ማግሥት «ቆዳ!» እያለ የሚዞረው ሰውዬ ሳይቀድመን ቆዳ አይጣልም ነበር። ዋጋው ከረከሰ ወዲህ ግን በየቦዩና በየወንዙ ዳር ሲጣል እናያለን። የጤነኛ በሬ ቆዳ ሲሆን ሽታ ነው። የታመመ በሬ ቆዳ ሲሆን ግን ለሌላው ሰፈር፣ ለሌላው መንጋ የተላከ መርዝ ነው።

የማያም ቁስል

አባሰንጋ ወደ ሰው የሚገባው በሦስት በር ነው፤ በቆዳ፣ በሆድና በሳንባ።

በዓለም ላይ በተፈጥሮ ከሚታዩት የሰው አባሰንጋዎች ከመቶ ዘጠና አምስቱ ያህል በቆዳ በኩል የሚገቡ ናቸው። ሥጋውን ወይም ቆዳውን በነኩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ገደማ እጅ፣ ክንድ፣ አንገት ወይም ፊት ላይ ትንኝ የነከሰ የመሰለች እብጠት ትወጣለች። ታሳክካለች። ከዚያ ውሃ ትቋጥራለች፣ ትፈነዳለች፣ መሐሏ ላይ ከሰል የመሰለ ጥቁር ቅርፊት ይቀመጣል። ስሙ ከዚህ የመጣ ነው። ዙሪያው ክፉኛ ያብጣል። የሚያዘናጋው ነገር ታዲያ ቁስሉ አያምም! «ካላመመኝ ምን አስጨነቀኝ» ብሎ ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ባሕላዊ መድኃኒት ይለጥፍበታል፣ በጋለ ብረት ይተኩሰዋል፣ ቅርፊቱን ይልጣል። ይሄ ሁሉ ስህተት ነው። ካልታከሙት እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ይሞቱበታል፤ በጊዜ ከታከሙት ግን የሚሞት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ልዩነቱን ተመልከቱ!

በሆድ የሚገባው የከፋ ነው። ከበሉ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ማስታወክ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይመጣል። አንዳንዱ ጉሮሮውን ያመዋል፣ አንገቱ ያብጣል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ካልታከመ ከሚያዙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ። የሳንባው ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚታየው፤ የደረቀ ቆዳና ሱፍ የሚያራግፉ ሠራተኞች በአቧራው ይስቡታል። መጀመሪያ ጉንፋን ይመስላል፤ በኋላ ትንፋሽ ይዘጋል። በሕክምና እንኳ ብዙ ሰው የማይተርፍበት እሱ ነው።

ደስ የሚለው ወሬ ደግሞ ይሄውላችሁ። መድኃኒቱ ብርቅ አይደለም። ፔኒሲሊን፣ ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባሉት የምናውቃቸው መድኃኒቶች ይሠራሉ። ግን ከሱቅ እንደ ማስቲካ ገዝቶ መዋጥ አይደለም! ለስንት ቀን፣ በምን መጠን የሚለውን የሚወስነው ሐኪም ነው። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ደግሞ አፍራችሁ ዝም አትበሉ። «ከሳምንት በፊት የሞተ ከብት ነክቼ ነበር» ወይም «ታሞ የታረደ ሥጋ በልተን ነበር» በሉ። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሐኪሙን ከብዙ ድካም፣ እናንተን ከብዙ መከራ ታድናለች። ሌላም ልጨምር፤ በሽታው እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው አይዛመትም። ስለዚህ የታመመ ጓደኛችሁን አትሽሹት፤ ይዛችሁት ሂዱ። ቁስሉን ግን በባዶ እጅ አትንኩ።

ከፓስተር እስከ ቢሾፍቱ

ይህ በሽታ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስም አለው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. በ1876 «ይሄ ተባይ ነው ይሄን በሽታ የሚያመጣው» ብሎ በማስረጃ ያሳየው በአባሰንጋ ላይ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1881፣ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ሕዝብ በተሰበሰበበት 24 በጎችን ከተበ፣ 24ቱን ሳይከትብ ተወ፣ ከዚያ ሁሉንም በበሽታው ወጋቸው። ያልተከተቡት በጎች አለቁ፤ የተከተቡት ቆመው ሣር ይበሉ ነበር። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበትን የከብት ክትባት ደግሞ ስተርን የተባለ ሰው በ1930ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው ያገኘው።

እኛስ? ከአቃቂ ተነስታችሁ መንገዱን ይዛችሁ ቢሾፍቱ ብትወርዱ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመውን ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ታገኛላችሁ። የአባሰንጋ ክትባት እዚያ ይመረታል። እንግዲህ መድኃኒቱ ጎረቤት ነው። ችግሩ ክትባቱ በየዓመቱ መደገም ያለበት መሆኑና ሁሉም ከብት ጋ አለመድረሱ ነው። ክትባትና የእንስሳት ሕክምና ሲቋረጥ ምን እንደሚመጣ ዚምባብዌ ታውቃለች። በነፃነቱ ጦርነት ማብቂያ ላይ የእንስሳት ሕክምናው ፈርሶ ስለነበር እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1980 ባለው ጊዜ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች በአባሰንጋ ተይዘዋል። ቁጥሩ የከብት አይደለም፤ የሰው ነው።

ኪሳራው የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰው የታመመ በሬ የሚያርደው ሁልጊዜ ባለማወቅ አይደለም። እያወቀም ያርዳል። ለምን? ያ የተናደደ ልጅ የተናገራትን አስታውሱ፤ «ብሩን አንተ ትከፍላለህ?» አባሰንጋ ወደ ቤታችን የሚገባው በዚህች ጥያቄ በኩል ነው። ኪሳራው በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ይወድቃል ብሎ የሚፈራ ሰብሳቢ ቢላዋውን ቢያነሳ ይገርማል? ስለዚህ መድኃኒቱም ከዚያው ነው መጀመር ያለበት።

የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው። ቅርጫ ስትገቡ፣ ብር ከመዋጣቱ በፊት፣ አንድ ወረቀት አውጡና ጻፉ፤ «በሬው ከመታረዱ በፊት ቢታመም ወይም ቢሞት አይታረድም፤ ኪሳራውን ሁላችንም እኩል እንካፈላለን።» ከዚያ ሁላችሁም ፈርሙ። ሥጋውን እኩል የሚካፈል ሰው ኪሳራውንስ እኩል ቢካፈል ምን ነውር አለው? ዕድርና ዕቁብ ለሁሉ ነገር ደንብ አላቸው፤ ቅርጫ ብቻ ለምን በአፍ ይቀራል?

ሁለተኛ፣ ከሻጩ ጋርም ተነጋገሩ። ደላላውን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱን እወቁት፤ ስሙን፣ ስልኩን፣ ከብቱ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ በምስክር ፊት ተዋዋሉ። «መልስ የለውም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እናንተም «ግዢ የለውም» በሉት። ከተቻለም በሬውን ዋዜማውን አትግዙ። ሁለትና ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ገዝታችሁ ሲበላና ሲያመነዥክ እዩት።

ሦስተኛ፣ ሐኪም ያየው ሥጋ ብሉ። ቄራ የሚታረድ ከብት ከመታረዱ በፊትም በኋላም በባለሙያ ይታያል፤ በሥጋው ላይ ማኅተም የሚያርፈው ለጌጥ አይደለም። የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 274 ከወጣ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን ይህን በሕግ ደንግጋለች። ጓሮ ለጓሮ የሚታረደውን ግን ማን ያየዋል? ቢያንስ ቀድማችሁ የወረዳችሁን የእንስሳት ሐኪም ስልክ ያዙ። ለዲጄ የምትደውሉትን ያህል ለሐኪምም መደወል ልመዱ!

አራተኛ፣ ከብቱ በድንገት ከሞተ አትረዱት፣ አትግፈፉት፣ አትጎትቱት፣ ሥጋውን ለውሻ አትጣሉ፣ ወንዝ ውስጥ አትወርውሩት። ልጆችና ውሾች እንዳይጠጉት አጥሩና ጥሩ። ጥንብ አንሳም እንዳይደርስበት ሸፍኑት። ማቃጠሉንም በጥልቅ መቅበሩንም ሐኪሙ ያሳያችኋል፤ በራሳችሁ ጀግንነት አትሞክሩት። የነካችሁ ካላችሁ እጃችሁን በሳሙና ደጋግማችሁ ታጠቡ፤ ከዚያ ሰውነታችሁን ለሁለት ሳምንት ያህል ተከታተሉ። ጥቁር ቅርፊት ያላት የማታም ቁስል ካያችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ!

አምስተኛና የመጨረሻው ለእነዚያ አሥር ጓደኛሞች ነው፤ ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁት ማለቴ ነው። ልጁ ከእናንተ ላይ የወሰደው ብር የለም። የወሰደባችሁ አንድ ድግስ ብቻ ነው፤ ድግስ ደግሞ በሚቀጥለው በዓል ይተካል። ኪሳራውን ለአሥራ አንድ አካፍሉና ሰላም በሉት። በሚቀጥለው ቅርጫም ገንዘብ ሰብሳቢው እሱ ይሁን። እንደዚያ ጠዋት «ቆይ» ማለት የሚችል ሰው በየሰፈሩ አንድ እንኳ ቢገኝ ለስንቱ ቤት ይተርፋል።

ለሌሎቻችሁም መልካም ቅርጫ! በሬው በእግሩ ቆሞ ይድረሳችሁ።